ቺካጎ ስትመጡ የት ሰፈር ብታርፉ ይሻላል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴ ከአዲስ አበባ ቺካጎ መጣች። ልጇ ከቀኗ ቀድማ ወልዳ፣ ሕፃኗ ዳውንታውን አካባቢ ባለ ሆስፒታል በማሞቂያ ውስጥ ነበረች። የአክስቴ ልጅ የምትኖረው አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ስለሆነ ለእናቷ ሆቴል ተፈለገ። ዘመድ ተሯሩጦ ኢንተርኔት ላይ ርካሽ አገኘ። "ቺካጎ" ይላል፣ ፎቶው ያምራል፣ ቁርስም አለው። ከፍለን ጨረስን። አክስቴን ከኤርፖርት ተቀብለን ስንሄድ ነው ሆቴሉ ሻምበርግ በሚባል ሌላ ከተማ፣ ከሆስፒታሉ 30 ማይል ገደማ ርቆ እንዳለ የገባን።

የቺካጎ ከተማ ባቡር እዚያ አይደርስም። የኡበሩ ዋጋ ደርሶ መልስ ሲሰላ በቀን በቀን የሚቻል አይደለም። ያቺ ሴት የልጅ ልጇን ለማየት ውቅያኖስ ተሻግራ መጥታ፣ የሚወስዳት ሰው ከሥራ እስኪወጣ ድረስ መስኮት ሥር ተቀምጣ የመኪና ማቆሚያ ስታይ ትውል ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ሰው ደውሎ "ቺካጎ ልመጣ ነው፣ የት ልረፍ?" ሲለኝ ባጭሩ አልመልስም። ዛሬ ደግሞ ለሁላችሁም በሰፊው ልጻፈው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው "ጥሩ ሰፈር የቱ ነው?" ብሎ ነው። ይሄ ጥያቄ ብቻውን ብዙ አያራምድም። ቺካጎ ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ 25 ማይል ገደማ፣ ማለትም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በ77 አካባቢዎች ከፍለውታል፣ ክፍፍሉ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ሰዉ በአፉ የሚጠራቸው ሰፈሮች ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበዛሉ። ለልጁ ምርቃት የመጣ አባት፣ ለስብሰባ የመጣች ባለሙያና ሕንፃ ለማየት የመጡ ሙሽሮች አንድ ዓይነት መልስ ሊሰጣቸው አይችልም። መጠየቅ ያለባችሁ "በየቀኑ እግሬ የሚሄደው ወዴት ነው? ወደዚያ የሚወስደኝ የትኛው የባቡር መስመር ነው?" ብላችሁ ነው። መስመሩን ከያዛችሁ ሰፈሩ ራሱ ይመጣል። ሆቴሉ የመጨረሻ ነው። እኛ ያጠፋነው ከሆቴሉ ስለጀመርን ነው።

መስመር የምለው የከተማውን ባቡር ነው። እዚህ ሰዉ "ኤል" ይለዋል፤ ሐዲዱ በብዙ ቦታ ከመንገድ በላይ በብረት ምሰሶ ላይ ስለሚሄድ የመጣ ስም ነው። ስምንት መስመሮች አሉ፣ እያንዳንዱ በቀለም ይጠራል። ለእንግዳ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። ሬድ ላይን ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሄዳል፤ በሰሜን በኩል ሚሺጋን ሐይቅን ይከተላል። ብሉ ላይን ደግሞ ከኦሄር ኤርፖርት ተነስቶ ዳውንታውንን አቋርጦ ወደ ምዕራብ ይወጣል። ሌሊቱን ሙሉ የሚሠሩት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። በረራችሁ ሌሊት ከሆነ፣ ወይም ሆስፒታል አምሽታችሁ የምትወጡ ከሆነ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን አንድ ነገር ላሳያችሁ፤ ይሄን ካወቃችሁ ማንም ባያግዛችሁ የሆቴሉን ርቀት ከአድራሻው ታነባላችሁ። አዲስ አበባ ላይ "ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከፋርማሲው ፊት ለፊት" እንደምንለው አይደለም። የቺካጎ አድራሻ ቁጥር ራሱ ርቀት ነው። ዜሮው ዳውንታውን ውስጥ ስቴትና ማዲሰን የሚባሉት መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ ነው። ከዚያ በየትኛውም አቅጣጫ ስትሄዱ 800 ቁጥር ማለት አንድ ማይል ነው። አሠራሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ስለዚህ አንድ ቤት "6000 ኖርዝ ብሮድዌይ" ከተባለ 6000ን ለ800 አካፍሉት፤ ከመሃል ከተማ 7 ማይል ተኩል፣ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ሰሜን ነው ማለት ነው። "400 ኖርዝ" ከሆነ ደግሞ ግማሽ ማይል ነው፣ በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ። በደቡብ በኩል የመጀመሪያዎቹ ሦስት ማይሎች ላይ ስሌቱ ትንሽ ይለያል፤ 12ኛው መንገድ አንድ ማይል፣ 22ኛው ሁለት፣ 31ኛው ሦስት ነው፣ ከዚያ በኋላ ወደ 800ው ይመለሳል። ምሥራቅ ሁልጊዜ ሐይቁ ነው። መንገድ ቢጠፋባችሁ ሐይቁ ያለበትን አቅጣጫ ጠይቁ፣ አቅጣጫችሁን ታገኛላችሁ።

ሆቴሉ አድራሻ ላይ የከተማው ስም "ቺካጎ" ካልሆነ፣ ሻምበርግ፣ ኔፐርቪል፣ ሮዝሞንት የሚል ካገኛችሁ ከከተማው ወጥታችኋል። ከነዚህ ሮዝሞንት ብቻ ይሻላል፤ ለኤርፖርቱ ቅርብ ነው፣ ብሉ ላይንም ያቆማል። አንድ ሌሊት አድሮ ጠዋት ለሚበር ሰው እመክረዋለሁ። ለሳምንት ግን አይሆንም። በየቀኑ ወደ መሃል ከተማ ለመድረስ ብቻ ወደ አንድ ሰዓት ታጠፋላችሁ።

እሺ፣ ወደ ሰፈሮቹ እንግባ።

ሉፕ የሚባለው የመሃል ከተማው እምብርት ነው። ስሙ ቀለበት ማለት ነው፤ ከ1897 ጀምሮ (እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባቡሩ ከላይ ዙሪያውን ስለሚዞረው። ትልቁ የሥዕል ሙዚየም፣ ሚሌኒየም ፓርክ፣ ቲያትር ቤቶቹ፣ ዊሊስ ታወር እዚህ ናቸው። ሁሉም የባቡር መስመር ማለት ይቻላል እዚህ ያልፋል። ሦስት ቀን ብቻ ኖሯችሁ ከተማውን ማየት ከፈለጋችሁ እዚህ ብታርፉ አትጸጸቱም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሉፕ የቢሮ ሰፈር ነው። ቀን እንደ ጉንዳን የሚተራመሰው መንገድ ማታ፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ፣ አንዳንዱ ጥግ ጭር ይላል። ይሄ ጭርታ ለአንዳንዱ እንቅልፍ ይሰጠዋል፣ ከሕፃን ጋር የመጣን ሰው ወይም ብቻዋን የምትሄድን ሴት ግን ምቾት ይነሳል። ደግሞ ክፍሉ በባቡሩ ሐዲድ በኩል እንዳይሆን ጠይቁ፤ ብረት በብረት ላይ ሲፋጭ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አልጋችሁ ሥር ያለ ይመስላል።

ወንዙን ተሻግራችሁ በሰሜን በኩል ሪቨር ኖርዝና ስትሪተርቪል አሉ። ሪቨር ኖርዝ የምግብ ቤትና የጭፈራ ሰፈር ነው፤ ማታም ሰው አይጠፋበትም፣ ዋጋውም አይቀመስም። ስትሪተርቪል ወደ ሐይቁ ጠጋ ይላል። ትልልቅ ሆስፒታሎች እዚያ ስላሉ ታማሚ የሚያስታምም ሰው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ወደዚህ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አንድ ምክር አለኝ፦ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ሆስፒታሉን ደውላችሁ ለታማሚ ቤተሰብ የቅናሽ ዋጋ የሚሰጡ ሆቴሎች እንዳሉ ጠይቁ። በብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎች ይሄን የሚያስተናግድ ክፍል አለ። ሀበሻ መጠየቅ ያፍራል። እባካችሁ አትፈሩ፣ ጠይቁ። ሆስፒታሉ ግን የግድ እዚህ ላይሆን ይችላል፤ ሌላ ትልቅ የሆስፒታሎች ሰፈር በምዕራብ በኩል በብሉ ላይን ላይ አለ፣ ፌርማታውም ኢሊኖይ ሜዲካል ዲስትሪክት ይባላል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ደግሞ በደቡብ ሃይድ ፓርክ ነው። "የቺካጎ ሆስፒታል" የሚለውን ብቻ ሰምታችሁ ሰፈር አትምረጡ። የትኛው እንደሆነ በስሙና በአድራሻው እወቁ።

አሁን እኔ በግሌ ለብዙ ሰው የምመክረው ላይ ደረስን፦ ሰሜኑ፣ በሬድ ላይን።

ከዳውንታውን ወደ ሰሜን ስትወጡ መጀመሪያ ሊንከን ፓርክ ይመጣል። ዛፍ የበዛበት፣ የቤተሰብ ሰፈር ነው፤ ከ1868 ጀምሮ ያለው የእንስሳት ፓርክ እስከ ዛሬ መግቢያ አያስከፍልም። ልጆች ካላችሁ ይሄ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ይሸፍናል። ዲፖል ዩኒቨርሲቲም እዚሁ፣ ፉለርተን ፌርማታ አጠገብ ነው። ቀጥሎ ሌክቪው አለ፣ በውስጡ ሪግሊ ፊልድ የሚባለው ከ1914 ጀምሮ ያለ የቤዝቦል ሜዳ ይገኛል። ጨዋታ ባለበት ቀን አዲሰን ፌርማታ ላይ እግር መጣያ አይገኝም፣ ባቡሩም ጢም ብሎ ይሞላል። ስለዚህ እዚያ ከማረፋችሁ በፊት የጨዋታውን ፕሮግራም እዩ።

ከዚያም አፕታውን፣ አንደርሰንቪል፣ ኤጅዋተር፣ ሮጀርስ ፓርክ እያለ እስከ ከተማው ጫፍ ይወጣል። ለእኛ ሰው ይሄኛው ክፍል የተለየ ነው። በ1980ዎቹ በስደት የመጡ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ብዙዎቹ መጀመሪያ ያረፉት አፕታውንና ኤጅዋተር ነው፤ የቺካጎ የኢትዮጵያውያን ማኅበርም የተቋቋመው በዚያው ዘመን፣ በ1984 ነው። ብሮድዌይ ላይ እየሄዳችሁ እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ፣ ቡና የሚፈላበት ምግብ ቤት ታገኛላችሁ። አርጋይል መንገድ ላይ ቬትናሞች አሉ፤ ሾርባቸው ብርድ ለመታው ሰው መድኃኒት ነው። ትንሽ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዲቮን የሚባለው መንገድ ደግሞ የሕንዶችና የፓኪስታኖች ነው፣ ሐላል ሥጋ ለሚፈልግ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከግራንቪል ፌርማታ ዳውንታውን ለመድረስ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ዋጋው ከመሃል ከተማው ይቀላል፣ ሐይቁ ደግሞ ከሬድ ላይን ፌርማታዎቹ ጥቂት ብሎክ ነው። ትልልቅ ሆቴሎች ግን እዚህ ብዙ የሉም፤ ትንንሽ ሆቴሎችና የሚከራዩ ቤቶች ናቸው ያሉት። ሎዮላ ዩኒቨርሲቲ ለምርቃት የመጣ ሰው ዳውንታውን ምን ይሠራል? እዚሁ ይረፍ። ኖርዝዌስተርን ለሚሄድም ቅርብ ነው፤ እሱ ያለው ከቺካጎ ቀጥሎ ባለችው ኤቫንስተን ውስጥ ሲሆን በሃዋርድ ፌርማታ ወደ ፐርፕል ላይን ትቀይራላችሁ።

በብሉ ላይን በኩል ዊከር ፓርክና ሎጋን ስኩዌር አሉ። የወጣቶች ሰፈር ናቸው፣ ካፌና ሙዚቃ ይበዛባቸዋል፣ ለኤርፖርቱም ይመቻሉ። በደቡብ ምዕራብ በኩል ፒልሰን የሜክሲኮዎች ነው፤ የሜክሲኮ ሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ነፃ ነው። ቻይናታውን በሬድ ላይን ከሉፕ ጥቂት ፌርማታ ነው፣ ማኮርሚክ ፕሌስ ለሚባለው ትልቅ የስብሰባ ማዕከልም ቅርብ ነው።

አሁን ስለ ደቡቡ መናገር አለብኝ፤ ሁሉም ሰው በሹክሹክታ የሚጠይቀኝ ስለሆነ። "ሳውዝ ሳይድ እንዳትሄድ" የሚለውን ምክር ያልሰማ የለም። ቺካጎ ውስጥ የተኩስ ግድያ አለ፣ እውነት ነው፣ ያሳዝናል። ግን በከተማው ሁሉ እኩል የተበተነ አይደለም። በምዕራብና በደቡብ ባሉ የተወሰኑ አካባቢዎች፣ እዚያም በተወሰኑ ብሎኮች ላይ የተከማቸ ነው። ለምን እዚያ ተከማቸ? ባለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡብ ግዛቶች በብዛት ወደ ቺካጎ ሲመጡ ቤት መግዛትና መከራየት የሚችሉባቸው ሰፈሮች ጥቂት ነበሩ፤ የቤት ውሎች ላይ "ለጥቁር አይሸጥም" ተብሎ ይጻፍ ነበር። በ1930ዎቹ ደግሞ ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ካርታ ላይ በቀይ ተቀለሙ፣ ባንክም ብድር ነፈጋቸው። ገንዘብ የራቀው ሰፈር ሱቁ ይዘጋል፣ ቤቱ ይፈርሳል፣ ሥራ ይጠፋል። የዛሬው ችግር ከዚያ የቀጠለ ነው። ሰዉ ክፉ ስለሆነ አይደለም።

ሳውዝ ሳይድ ብቻውን የከተማውን ግማሽ የሚያክል ነው። ይሄን ሁሉ በአንድ ቃል "አደገኛ" ብሎ መዝጋት እዚያ ለሚኖረው ሰውም ስድብ ነው፣ እናንተንም ያሳጣችኋል። ሃይድ ፓርክ ሳውዝ ሳይድ ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያለበት፣ ባራክ ኦባማ ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት በአካባቢው የኖረበት፣ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየሙ ያለበት፣ መጻሕፍት ቤትና የድንጋይ ሕንፃ የበዛበት ውብ ሰፈር ነው። ልጃችሁ ከዚያ የሚመረቅ ከሆነ እዚያው እረፉ። ሬድ ላይን ግን ሰፈሩ ውስጥ አይገባም፤ ከሚሌኒየም ጣቢያ የሚነሳውን ሜትራ የሚባል ባቡር ነው የምትይዙት፣ እሱ ደግሞ በየደቂቃው ስለማይመጣ ሰዓቱን ቀድማችሁ እዩ።

ደኅንነትን በሰፈር ስም ሳይሆን በምትሄዱበት መንገድ ለኩት። ከፌርማታው እስከ በሩ ስንት ብሎክ ነው? መንገዱ ላይ ማታ ክፍት የሆነ ሱቅ አለ? ካርታው ላይ የመንገዱን ፎቶ ከፍታችሁ አንድ በአንድ እዩት። ባቡር ውስጥ በር አጠገብ ተቀምጣችሁ ስልክ አታውጡ፤ በር ሊዘጋ ሲል ነጥቆ የሚወርድ አለ። ከመሸ ነጂው ያለበት የፊተኛው ፉርጎ ውስጥ ግቡ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ ብቻችሁን ከሆናችሁ ኡበር ያዙ፣ ያ ገንዘብ አይቆጭም።

ስለ ገንዘብ ደግሞ። ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። የቺካጎ የሆቴል ግብር ከ17 በመቶ በላይ ነው፤ 200 ዶላር ያላችሁት ክፍል ከ234 ዶላር በላይ ይሆናል። አንዳንድ ሆቴል የአገልግሎት ክፍያ ብሎ ሌላ ይጨምራል። መኪና ካላችሁ ዳውንታውን ለአንድ ሌሊት ፓርኪንግ 50 ዶላርና ከዚያ በላይ መክፈል የተለመደ ነው። መኪና አትከራዩ ነው የምለው። በዚያ ላይ ወንዙ ዳር ዋከር የሚባለው መንገድ ከሥሩ ሌላ መንገድ አለው፣ ከታች ስትገቡ የስልኩ ካርታ ግራ ይጋባል፣ አዲስ ሰው እዚያ ውስጥ ይዞራል።

ጊዜውም ዋጋውን ይወስናል። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ሆቴሉ ይረክሳል፣ ግን ብርዱ አጥንት ይገባል፤ በካርታ "የአሥር ደቂቃ መንገድ" የተባለው ከሐይቁ ነፋስ ጋር ሌላ ነገር ነው። በብርዱ ወራት ከመጣችሁ ሰፈሩን ሳይሆን ከፌርማታው ያለውን ርቀት አጥብቃችሁ ያዙ። ኦክቶበር ላይ ማራቶኑ አለ፣ መነሻውም መድረሻውም ግራንት ፓርክ ነው፣ በዚያ ሳምንት ዳውንታውን ዋጋው ሰማይ ይነካል። በ2012 ፀጋዬ ከበደና አጸደ ባይሳ ሁለቱም ያሸነፉበት ሩጫ ስለሆነ ብዙ ሀበሻ ባንዲራ ይዞ ሊያይ ይመጣል፤ እንዲህ ከሆነ ሰሜን አርፋችሁ በሬድ ላይን ውረዱ፣ ሩጫውም ራሱ ወደ ሰሜን እስከ ሌክቪው ድረስ ስለሚወጣ ከዚያም ሆናችሁ ታዩታላችሁ።

ቤት የምትከራዩ ከሆነ ማስታወቂያው ላይ የከተማው የምዝገባ ቁጥር መኖሩን እዩ፤ ሕጉ ያስገድዳል፣ ከሌለው ተዉት። "ጋርደን" የሚለው ቃል እንዳያታልላችሁ፤ ቺካጎ ውስጥ ጋርደን አፓርትመንት ማለት ግማሹ መሬት ውስጥ የገባ ምድር ቤት ነው። "ሦስተኛ ፎቅ" ካለ ደግሞ ሊፍት ይኑረው አይኑረው ጠይቁ፣ የድሮዎቹ ባለ ሦስት ፎቅ ቤቶች አብዛኞቹ የላቸውም። እናታችሁን ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ ይሄ ከሰፈሩም ይበልጣል። ፌርማታዎቹም ሁሉም ሊፍት የላቸውም፤ ካርታው ላይ የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት ያለበትን ምረጡ።

ከኢትዮጵያ ቀጥታ ለሚመጣ ሰው ደግሞ፦ አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ኦሄር ይገባል፣ የምትወርዱት ተርሚናል 5 ነው። ብሉ ላይን እዚያ አይቆምም። ተርሚናሎቹን የሚያገናኘውን ነፃ ባቡር ይዛችሁ ወደ አገር ውስጥ ተርሚናሎቹ ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ ወደ ታች ወርዳችሁ ብሉ ላይንን ታገኛላችሁ። ዳውንታውን 45 ደቂቃ ገደማ ነው። ሁለት ትልቅ ሻንጣ ከነበርበሬና ሽሮው ከያዛችሁ ግን የሚቀበላችሁ ሰው ይኑር።

አክስቴን ከአንድ ሳምንት በኋላ ከሻምበርግ አወጣናት። ኤጅዋተር፣ ግራንቪል ፌርማታ አጠገብ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራየንላት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን አብሬያት ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን "አንተ ሥራህን ሥራ" አለችኝ። እንግሊዝኛ አታነብም። ከግራንቪል እስከ ሆስፒታሉ መውረጃ 13 ፌርማታ ነው፤ መቁጠሪያዋን ይዛ ባቡሩ በቆመ ቁጥር አንድ ፍሬ ታሳልፍ ነበር፣ 13ኛው ላይ ትወርዳለች። ሕፃኗ ሆስፒታል በቆየችባቸው ሳምንታት ሁሉ አንድም ቀን አላለፋትም።